ከመስመሩ ውጪ የነበረው ቤት

ጣይባ ይመር ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። እኔ እዚያው ታሪክ አስተምራለሁ፤ በመምህራን ክፍል ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። የምነግራችሁን ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ሰው ሲያወራው እሷን ጀግና አድርጎ ነው የሚያወራው። እሷ ግን እንዲያ ተብሎ ሲወራ ከቤት ትወጣለች።

ትውልዷ ቦሩ ሜዳ ነው። አባቷ ገበሬ ነበሩ። ቤታቸው ከማሳው መሀል ለብቻው የቆመ ነበር፤ ጎረቤት ለመጥራት ጉብታው ላይ ወጥቶ መጣራት ያስፈልግ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርቷን እንድትቀጥል ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ አክስቷ ዘንድ ላኳት። እዚያ ደግሞ ግድግዳ ከግድግዳ ተጣብቆ የጎረቤት ሳል እንኳ ይሰማል። አንድ ቀን የጂኦግራፊ መምህሯ ሰሌዳው ላይ «የተበታተነ አሰፋፈር» እና «የተሰባሰበ አሰፋፈር» ብለው ጻፉ። ጣይባ የመጀመሪያው የአባቷ ቤት፣ ሁለተኛው የአክስቷ ቤት መሆኑ ወዲያው ገባት። የኖረችው ነገር በመጽሐፍ ውስጥ ስም ያለው መሆኑ አስደነገጣት። ከዚያ ቀን ወዲያ ሌላ ትምህርት መማር እንዳልፈለገች ትናገራለች።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ተመደበች፤ አራት ዓመት አስተምራ ወደ ደሴ ተዛወረች። ባሏ ጁነይድ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቿን በእሱ ሚኒባስ እየጫነች ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ትወስዳቸው ነበር። ብርዱ እያለቀ ሹራብ መውለቅ ሲጀምር፣ ልጆቹ በመስኮት የሚያዩትን የመሬት አጠቃቀም በካርታ ቀለም ይጠራሉ፤ መኖሪያው ቢጫ፣ ገበያው ቀይ፣ ፋብሪካውና መጋዘኑ ሐምራዊ። ቡና ቤትና መኖሪያ ባንድ ግቢ ያለበት ቤት ሲገጥማቸው ይጨቃጨቁ ነበር። ጣይባ ጭቅጭቁን ብዙ አትፈቅድም። አንዱን ምረጡ ትላለች። ካርታ ላይ አንድ ቦታ ሁለት ቀለም አይቀባም።

ጥሩ መምህር ነበረች፤ አሁንም ናት። ነገር ግን መጽሐፍ ያለውን ከዓይኗ ይልቅ ታምን ነበር። ይህን የምትለው ራሷ ነች እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከሁለት ዓመት በፊት በሚያዝያ፣ የበልጉ ዝናብ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳያባራ በቆየበት ጊዜ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿ የቤት ሥራ ሰጠች። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ዙሪያ ያሉትን ቤቶች በነጥብ ይስላል፤ አሰፋፈሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጽፋል፤ ሰዎቹ ለምን እዚያ እንደሰፈሩ ትልልቅ ሰዎችን ይጠይቃል። እስከዳር የምትባል፣ ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ አሥራ ስምንት ነጥብ የተሳለበት ወረቀት አመጣች። ነጥቦቹ እንደ ደጋን ጎበጥ ያለ አንድ ረድፍ ሠርተዋል። ከሥሩ «መስመራዊ አሰፋፈር» ብላ ጽፋለች።

ጣይባ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። መስመራዊ አሰፋፈር መንገድ ወይም ወንዝ ተከትሎ ነው የሚሠራው፤ መጽሐፉ እንዲያ ይላል። መንገዱ የት እንዳለ ጠየቀቻት። እስከዳር መንገድ የለም አለች። ወንዙስ ስትላት ወንዝም የለም አለች።

«እንግዲያው ቤቶቹ በተርታ ሊሆኑ አይችሉም» አለቻት ጣይባ።

«ቲቸር፣ እኔ ያለውን ነው የሳልሁት።»

ጣይባ ከአሥር አራት ሰጠቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታው ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እሱ ነው ጣይባን እረፍት የነሳት። በማግስቱ ዓርብ በመምህራን ክፍል ያንን ወረቀት ደጋግማ ስታይ አየኋት። ቅዳሜ ጠዋት ቦት ጫማ አድርጋ ወደ ሰፈሩ ወጣች።

ሰፈሩ ከከተማው ጫፍ፣ ባጃጅ የማይደርስበት ዳገት ላይ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ የኖሩበት ሰዎች ሲጠራ መስማት አይወዱም። ጣይባ ከሥር ቆማ ሽቅብ ስታይ አሥራ ስምንት ቤቶች ልክ ልጅቷ እንደሳለችው በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። በፊታቸው መንገድ የለም። በጀርባቸው ወንዝ የለም። ፊቷ በእፍረት እንደነደደ ነግራኛለች።

የእስከዳር አባት ፈንታሁን ግንበኛ ነው። በዚያ ረድፍ ካሉት ቤቶች አብዛኞቹን የሠራው እሱ ነበር። መምህሯን በደጁ ሲያይ ልጁ ያጠፋች መስሎት ደነገጠ። ነገሩን ስትነግረው ሳቀና ወደ ጓሮ ወሰዳት። ከጓሮው ከድንጋይ ሥር ቀጭን ውሃ ይፈልቃል። በሚቀጥለው ጓሮም ይፈልቃል፤ ከዚያ በሚቀጥለውም። ሰው ወደዚያ ዳገት ሲወጣ ውሃ ካገኘበት ቤት እየሠራ ተቀመጠ፣ ውሃው ደግሞ በተርታ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ቤቱም በተርታ ሆነ። የፈንታሁን ማብራሪያ ይኸው ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት ያስተማረችው መጽሐፍ ግን ይህን አልነገራትም። ቀሪውን ጣይባ ራሷ አገናኘችው፤ ከላይ ውሃ የሚያሳልፍ ድንጋይ፣ ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ጭቃ አፈር፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ውሃው ይወጣል። እዚያው ቆማ ከቦርሳዋ የእስከዳርን ወረቀት አወጣችና አራቱን ሰርዛ አሥር ጻፈች።

ደስታዋ ግን አልቆየም። ፈንታሁን እንደ ዋዛ፣ ዘንድሮ ምንጩ መደፍረሱን ነገራት። የሁለት ጎረቤቶቹ ምንጭ ጭራሽ ደርቋል። የቤቱም በር አልገጥም ብሎ ከመጋቢት ወዲህ ሦስት ጊዜ ጠርዙን በመላጊያ ልጎታል። በሩ ረጥቦ ያበጠ መስሎት ነበር።

ጣይባ ስለ መሬት መንሸራተት የተማረችውን አስታወሰች። ከቤቶቹ በላይ ወዳለው ሣር ብቻዋን ወጣች። ባህር ዛፎቹ ሁሉም ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል። ትንሽ ከፍ ስትል ሣሩ ውስጥ ስንጥቅ አገኘች። ከቤቶቹ ረድፍ ጋር ትይዩ ሆኖ ረጅም ርቀት ይሄዳል፤ ስፋቱ መዳፍ ያስገባል፤ የተጠላለፉት የሣር ሥሮች በሁለቱ ጠርዝ መካከል እንደ ክር ተወጥረዋል። ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባች። ጣቷ የነካው ነገር የለም።

«ከታች ልጆች ሲጫወቱ ይሰማኛል፤ የእኔ ክንድ ግን ገና መሬት ውስጥ ነበር» ብላኛለች።

የዚያኑ ዕለት በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተከለችና በመካከላቸው ሲባጎ አሰረች። እስከዳር በየቀኑ እያየች እንድትነግራት አደራ አለቻት። እሑድ ሲባጎው ተወጠረ። ሰኞ ጠዋት ተበጥሶ ተገኘ።

ሰኞ ከክፍል እንደወጣች ጉዳዩ ወደሚመለከተው የከተማው ቢሮ ሄደች። አላቃለሉባትም፤ አብይ የሚባለው መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ወጥቶ ስለነበር በስልክ አገናኟት። አብይ የቀድሞ ተማሪዋ ነው። ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ ሐሙስ ጠዋት እዚያ እንደሚደርስ ነገራት፤ እስከዚያ ግን ከስንጥቁ በታች ያሉት ከነዙሪያቸው ቢወጡ ጥሩ ነው አላት። ጣይባ «ዙሪያ» ማለት ስንት ሜትር እንደሆነ አልጠየቀችም።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሰፈርተኛው በፈንታሁን ግቢ ተሰበሰበ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ ከአሥራ ስምንቱ ቤት ስምንቱ ሙስሊሞች ነበሩ። ሰው ቤቱን ትቶ ውጣ ሲባል በቀላል አይሰማም። አንዱ ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ አለ፣ ሌላው ዝናቡ ሊያባራ ነው አለ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ሰፈሩን ሊወስዱብን ፈልገው ነው አለች። ጣይባ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ አስመጥታ አዘንብላ ያዘችው፤ ላዩ ላይ ጭቃ ደለደለችበትና ከላይ ውሃ ማፍሰስ ጀመረች። ጭቃው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ወረደ።

ይሁን እንጂ ያስወጣቸው የእሷ ቆርቆሮ ሳይሆን ፈንታሁን ነው። ተነሥቶ እንዲህ አለ፤ «ቤታችሁን የሠራሁት እኔ ነኝ። ግንቤን አውቀዋለሁ። ግንቡ አልደከመም፤ የሄደው መሬቱ ነው። እኔ ልጆቼን ይዤ ዛሬ እወጣለሁ።»

ተስማሙ። ወደ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ እንዲገቡ ርእሰ መምህሩ ፈቅዶ ነበር። ጣይባ ቀይ እስክሪብቶ አንሥታ እስከዳር በሳለችው ወረቀት ላይ በአሥራ ስምንቱ ነጥቦች ዙሪያ መስመር አሰመረች። ከዚህ መስመር ውስጥ ያለ ሁሉ ዛሬውኑ ይውጣ አለች።

ከረድፉ ወዲያ፣ ትንሽ ቦይ ተሻግሮ፣ በወረቀቱ ላይ ነጥብ ያልነበረው አንድ ሌላ ቤት ነበር። የጋሽ በላቸው ቤት ነው። ጋሽ በላቸው ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ አናጢ ሆነው ኖረው በጡረታ የወጡ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ቤታቸውን ከቦዩ ማዶ የሠሩት ጸጥታ ፈልገው ነው። በጓሯቸው ምንጭ የለም፤ ውሃ የሚቀዱት ከፈንታሁን ጓሮ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ጣይባ መጡና ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣

«መምህርት፣ የእኛስ?» አሏት።

ጣይባ ካርታውን አየች። ቀና ብላ ቤቱን አየች። ምንጭ የለውም፤ ስንጥቁም ከቦዩ ወዲህ ያልቃል። እንደማንኛውም ተማሪ ጥያቄ ነው የመለሰችው።

«ጋሽ በላቸው፣ እርስዎ ከመስመሩ ውጪ ነዎት። አብሽሩ።»

ጋሽ በላቸው ደስ አላቸው። ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው ማየት አልወደዱም፤ አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ዕቃችሁን ወደ እኔ አምጡ አሉ። እስኪመሽ ድረስ ሰዉ ሳጥኑን፣ አልጋውን፣ ማዳበሪያ ሙሉ እህሉን በቦዩ ላይ እያሻገረ ከእሳቸው ቤት አስገባ። አንድ የልብስ ስፌት መኪና ጣይባ ራሷ በአንድ ወገን ይዛ አድርሳለች። ጋሽ በላቸው በር ላይ ቆመው የቱ የማን እንደሆነ በጠመኔ እየጻፉበት ተቀበሉ።

ረቡዕ ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እኔ ዐሥረኛ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ትልቅ የጭነት መኪና ድንጋይ ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። የመኪና ቢሆን ያበቃል። ይህ አላበቃም። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ኮሪደር ላይ ስወጣ ጣይባ ከክፍሏ እየወጣች ነበር፤ ቁራጭ ጠመኔ በእጇ ይዛለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አብረን ሮጥን።

ከዳገቱ ሥር ስንደርስ ያየሁትን እስካሁን በደንብ መናገር አልችልም። የቤቶቹ ረድፍ የለም። ፈርሶ ቢሆን ፍርስራሽ ይታያል፤ ይህ ግን የለም ነው። ከዳገቱ አጋማሽ እስከ ሥር ቡናማ ጭቃ ብቻ ነው፤ ገና በዝግታ ይንቀሳቀሳል። አንድ ባህር ዛፍ ቅጠሉ እንኳ ሳይረግፍ ከነበረበት መቶ እርምጃ ወርዶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከአዳራሹ የወጡት ሰዎች ዝናቡ ውስጥ ቆመው ያያሉ። ፈንታሁን ጎረቤቶቹን በየስማቸው እየጠራ ይቆጥራል። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። የአሥራ ስምንቱም ቤት ሰው፣ ጨቅላ ሳይቀር፣ አለ።

ያን ጊዜ ነው ሰዉ ወደ ጣይባ የዞረው። አልሐምዱሊላህ የሚለውም፣ እመቤቴ የሚለውም እየመጣ ይስማታል፣ እግሯ ላይ የሚወድቅም ነበር። እሷ አልሰማቻቸውም። ዓይኗ ከቦዩ ማዶ ላይ ነው። ቦዩ ራሱ የለም።

«ጋሽ በላቸውስ?» አለች።

ሚስታቸው እትዬ አትጠገብ በማለዳ ኮምቦልቻ ወርደው ነበር፤ የልጃቸው ሚስት ወልዳ። ጋሽ በላቸው ግን የሰው ዕቃ ጥሎ አይኬድም ብለው ቀርተዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የጎረቤት አልጋና ሳጥን ከላያቸው ተነሥቶ፣ አገኟቸው።

በቀብራቸው ዕለት ጣይባ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ከሰፈሩ ሙስሊሞች ጋር ቆማ ነበር። ጁነይድ ክንዷን ይዟታል። ያን ሰሞን ስለ እሷ በሬዲዮ ተወራ፤ ፎቶዋ በስልክ ከሰው ሰው ዞረ። አሥራ ስምንት ቤተሰብ ያዳነች መምህርት። ትምህርት ቤታችን ሊሸልማት ተዘጋጅቶ ተማሪና ወላጅ ተሰበሰበ። ስሟ ሲጠራ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ሽልማቱን ግን አልተቀበለችም። ማይክሮፎኑን ይዛ፣ ጋሽ በላቸው ጠይቀዋት እንደነበር፣ ከመስመሩ ውጪ ነዎት ብላ የመለሰችላቸው እሷ እንደሆነች፣ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረችውም እሷ እንደሆነች በዝግታ ተናገረች። እኔ ከፊተኛው ረድፍ ነበርሁ። ካወራሁላችሁ ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ መሬቱ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ይህ ግን ከዚያ ይብሳል።

አብይ እንዳለው ሐሙስ መጥቶ ነበር። ቦታውን ሦስት ቀን ሲለካ ሰንብቶ ወደ ጣይባ ቤት ሄደ። እሷም አልተሸሸገችም፤ በቀጥታ ጠየቀችው። እሱ መጥቶ ቢሆን መስመሩን የት ላይ ያሰምር ነበር? አብይ ከጥያቄው ሸሽቶ ስለ አፈሩ አወራ። ጭቃ አፈሩ ከቦዩ ሥር አልፎ ከጋሽ በላቸው ቤት ሥር ይቀጥል እንደነበር፣ ውሃው እዚያ ጠልቆ ስለሚሄድ ብቻ እንደ ምንጭ እንዳልወጣ፣ በዓይን የሚያየው ሰው እንደሌለ ነገራት። እሷ የጠየቅሁህን መልስልኝ አለችው።

«ቲቸር፣ እኛ ባናይም በሁለቱም ጎን ቢያንስ ሃምሳ ሜትር እንጨምራለን። ሥራችን ላይ ልማድ ነው» አላት። ቀጥሎ፣ «ግን እኔ ሐሙስ ነበር የምመጣው። መሬቱ የሄደው ረቡዕ ነው» አለ።

ይህን የነገረኝ ጁነይድ ነው።

በሳምንቱ ጣይባ ኮምቦልቻ ወረደች። እትዬ አትጠገብ ከልጃቸው ቤት ለቅሶ ተቀምጠዋል። ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል። አብሬያት ሄጃለሁ፤ ከውጪ ቆይ ስላለችኝ ከድንኳኑ ደጅ ቆምሁ፤ ንግግራቸው ግን ይሰማኝ ነበር። ጣይባ ከፊታቸው ተንበርክካ በሽልማቱ ቀን የተናገረችውን ደገመችው። እትዬ አትጠገብ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ረቡዕ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር» አሉ ስትጨርስ። «ዝናቡን ፈርቼ ና ውረድ ስለው፣ መምህርቷ አይነካህም ብላኛለች አለኝ። የምትነግሪኝን አውቀዋለሁ።»

ጣይባ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም።

«አንቺ ባትደርሺ አሥራ ስምንት ቤት ነበር የሚያልቀው። ቄሱም ነገሩኝ፣ ልጄም ነገረኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የነበረኝ አንድ ቤት ነው ልጄ።» ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ይቅር እንድልሽ ከሆነ የመጣሽው፣ ዛሬ አልችልም። ዋሽቼ አልልክሽም። አሁን ሂጂ» አሏት።

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አላለቀሰችም። ሐረጎ ዳገትን ስንወጣ፣ «እውነቱን ነገሩኝ» ብቻ አለች።

ሰዉ ከዚያ ወዲያ ማስተማር የምትተው መስሎት ነበር። አልተወችም። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱ አሰፋፈር ላይ ሲደርስ ግን አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ መግባት አቃታትና ክፍሏን እኔ ያዝሁላት። በማግስቱ ገብታ ታሪኩን ከነስህተቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። ካርታ ላይ የምናሰምረው ድንበር እኛ የምናውቀው የሚያልቅበት እንጂ ነገሩ የሚያልቅበት እንዳልሆነ ሰሌዳው ላይ ጽፋ አስገለበጠቻቸው። መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ፈተናም ላይ አይመጣም። የልጆቹ ደብተር ላይ ግን አለ።

ለአሥራ ስምንቱ ቤተሰብ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው መንገድ በኩል ሜዳ ላይ ቦታ ተሰጣቸው። ፈንታሁን እንደገና መገንባት ጀመረ። አብይ ቦታውን ሲለካ ጣይባ በየቅዳሜው አብራው ትሄድ ነበር፤ ሜትሩን ትይዝለታለች፣ ትጽፍለታለች። ሰዎቹ ቤታቸውን ወዴት ቢያዞሩ እንደሚሻል እሷን ካልጠየቁ አይሆንላቸውም። የምትመልሰው አላውቅም፣ ይለካ ብላ ነው። መጀመሪያ ትዕቢት መሰላቸው። ኋላ ለመዱት።

ኮምቦልቻም መሄዷን አላቋረጠችም። በወር በወሩ በጁነይድ ሚኒባስ ትወርዳለች። ሦስት ጊዜ እትዬ አትጠገብ ከጓዳ አልወጡም፤ የልጃቸው ሚስት ተቀብላ፣ አዋርታ ሸኘቻት። በአራተኛው ወጥተው ተቀመጡ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ጉልበታቸው አወሩ፤ ስለ ጋሽ በላቸው ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም። በስድስተኛው ሕፃኑን ልጅ አሳቅፈዋት ወደ ገበያ ሄዱ።

የጋሽ በላቸው የሙት ዓመት ተዝካር ሲደርስ እትዬ አትጠገብ በጁነይድ በኩል መልእክት ላኩ፤ ጣይባ እንዳትቀር፣ የሰፈሩንም ሙስሊሞች ይዛ እንድትመጣ። ወረድን። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው ተቀምጠዋል። ሙስሊሞቹን ወደ ሌላው ክፍል አስገቧቸው፤ እኔም አብሬ ገባሁ። ለእነሱ ተብሎ ለብቻ በግ ተገዝቶ፣ ከመስጊድ ሰው ተጠርቶ የታረደ፣ በሌላ ድስት የተሠራ ነበር። በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያላሰብሁት እትዬ አትጠገብ ራሳቸው ትሪውን ይዘው መምጣታቸው ነው። ልጃቸው ልቀበልዎ ቢል እንቢ አሉት። ከጣይባ ፊት አስቀመጡና እንደምንም ጉልበታቸውን አጥፈው ከጎኗ ተቀመጡ።

ጣይባ እጇን መዘርጋት አቃታት።

«በዚህ ዓመት ብዙ ቀን ተቆጥቼሻለሁ» አሏት እትዬ አትጠገብ። «አሁን ደከመኝ። ብዪ፤ ለአንቺ ብዬ ነው ያሳረድሁት።»

ቆርሰው አጎረሷት። ጣይባ ማኘክ ጀመረች፤ እንባዋ ወደ ትሪው ይወርድ ነበር። አሮጊቷ ሁለተኛውን ጉርሻ አዘጋጅተው፣ እስክትውጥ ድረስ በእጃቸው ይዘው ጠበቋት።